የመጨረሻው ጥቅልል

ጥቅምት ፪ ቀን ፲፱፻፴፱፣ ቅዳሜ

ድዳውን ፊልም ዛሬ አናገርኩት። ሰው አለቀሰ።

ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት ከሄደው ሣጥን ውስጥ የተገኘ አሮጌ ፊልም ነው፤ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም። ሲኒማ ቤቱን የያዙት አቶ ቢያዝን ድምፅ ያለውን ከአስመራ ለማስመጣት ስላልቻሉ እኔን ቀጠሩኝ። ሥራዬ ከሸራው ጎን ቆሜ፣ ሰዎቹ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ቃሉን መስጠት ነው። በየመሐሉ ብቅ የሚለውን የጣሊያንኛ ጽሑፍ አያ የሻው አስቀድመው ነግረውኛል። እሳቸው ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ማሳያውን ማኪና የሚያዞሩ ሰው ናቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባለ ሰፊ ባርኔጣ ከብት አርቢዎች፣ ሁለት ቤት፣ በአንድ የውኃ ጉድጓድ ይጣሉና የአንደኛው ቤት አባት ይገደላል። የሟቹ ልጅ ያድጋል፤ የገዳዩን ሴት ልጅ ይወዳል። እሷም ትወደዋለች፣ ግን ወንድም አላት። ልጁ ሽጉጡን በወንድሟ ላይ ይደግናል። በመጨረሻው የፊልም ጥቅልል ልጅቱ እጇን ዘርግታ በመሐላቸው ትቆማለች። ልጁ ሽጉጡን ይጥላል፣ ወንድምየው እጁን ይዘረጋለታል፣ ሁለቱ ፍቅረኞች በአንድ ፈረስ ተፈናጠው ይሄዳሉ።

መጽሐፍ ቤት እንደተማርኩት አድርጌ፣ አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ እያልኩ ተረጎምኩት። ሌሊት በደብራችን ማኅሌት የምቆም ሰው፣ ቀን የፈረንጅ ፍቅር ልተርክ ነው ወይ ብዬ ፈርቼ ነበር። ደስ አለኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም።

ጎረቤቴ ወይዘሮ እንኳየሁ ከወንድማቸው ልጅ ከወለላ ጋር መጥተው ነበር። ወለላን ንባብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ጠብቃኝ፣ “የኔታ፣ ሸጋ ነው ነገሩ። ታረቁ” አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

ሰኞ ሽማግሌ እልካለሁ።

ጥቅምት ፭

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። የወለላ አባት ሞቷል፤ ቤቱ ዳኛው በሚባለው ወንድሟ እጅ ነው። እህል ነጋዴ ነው፣ ማክሰኝት እየወረደ ጤፍ ያመጣል። የመለሰውን ቃል ሦስቴ አስደገምኳቸው።

“ደብተራ ባዬ ክፉ ሰው አይደለም። ግን አፉን ለሚያከራይ ሰው እህቴን አልሰጥም። ዛሬ ለሲኒማ ያከራየ ነገ ለማን እንደሚያከራይ ምን ይታወቃል?”

ይህን ሲነግሩኝ አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አይቼዋለሁ።

አፉን የሚያከራይ።

ጥቅምት ፱

ተቻኩያለሁ። ፊልሙ ደህና ሄደ። ወለላ አልመጣችም። ምሳም እራትም አልበላሁ። ጤፍ ሰፋሪ እኔን ይንቀኝ!

ጥቅምት ፲፪

አለቃ ሐብተ ማርያም አስጠሩኝ። የደብራችን አለቃ ናቸው፤ ስለ ሲኒማው ሊገሥጹኝ መስሎኝ እየፈራሁ ሄድኩ። ለሌላ ነው።

“ለኅዳር ሚካኤል የዳኛውንና የዋኘውን ቤት ደም ልናደርቅ ነው። አንተ ዜማውን ትመራለህ” አሉኝ።

ነገሩን እዚህ ላስፍረው፣ ራሴ ውስጥ እየዞረ አላስቀምጥ ብሎኛል። የዳኛውና የወለላ አባት፣ አዲ አርቃይ ሳሉ፣ በወሰን ጠብ የዋኘውን አባት ገደለ። ገዳዩ ራሱ በኋላ በወባ ሞተ። ደሙ ግን አልሞተም፤ በአገሩ ሥርዓት ከልጁ ከዳኛው ይፈለጋል። ዋኘው ይኸው አድጎ፣ ጢም አብቅሎ፣ አልገደለውም። አሁን ዳኛው ድንጋይ ተሸክሞ እግሩ ላይ ሊወድቅ፣ እሱም ይቅር ሊል ነው። ደሙ ጨርሶ እንዲደርቅ ደግሞ ወለላ ለዋኘው ትዳራለች። ሠርጉ በጥር ነው።

ለእኔ አልሰጥም ያለው እጅ ለደመኛው ሲሆን እንካ አለ።

“ልጆቹማ ቀድመው ተዋደዋል። እግዚአብሔር ያመቻቸው ነገር ነው” አሉ አለቃ፣ ፊታቸው በርቶ።

ተገዳ ነው። እሷን የማውቃት እኔ ነኝ፤ ተገዳ መሆን አለበት።

ጥቅምት ፲፬

ዋኘው ለሲኒማ ቤቱ ሞተር ናፍጣ ይዞ መጣ። የጭነት ማኪና ረዳት ነው፣ ከአዲ አርቃይ ይመላለሳል። ትከሻው በር ያክላል፣ ልቡ ግን የሕፃን ነው። በርሜሉን አውርዶ ሲያበቃ እጁን በሱሪው እየጠረገ ቆመ።

“አያ ባዬ፣ በከተማው ዘመድ የለኝም። ሚዜ ትሆነኛለህ?”

እሺ አልኩት። ምን እላለሁ ታዲያ?

“ፊልምህን ሁለቴ አይቸዋለሁ። ያ ልጅ እኔው ነኝ። ሰው ምን ይለኛል፣ እናቴስ ምን ትለኛለች እያልኩ ስንት ጊዜ ወላወልኩ። ያንን ሽጉጥ ሲጥለው አይቼ ነው ልቤ የቆረጠ” አለኝ።

እንግዲህ ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ። በገዛ አፌ። አፍ አከራይ ብሎ የሰደበኝ ሰው አንገቱ የተረፈው በእኔ አፍ ነው፣ ደመወዜ ደግሞ ሚዜነት ሆነ። ይህን ስጽፍ እየሳቅሁ ነው።

ጥቅምት ፲፮፣ ቅዳሜ

ገበያ ስለነበረ አዳራሹ ጢም አለ። ከአዲ አርቃይ የመጡ ጨው ነጋዴዎች ከፊት ተደርድረዋል፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው።

ልጁ ልጅቱን ወንዝ ዳር ሲያገኛት እስከ ዛሬ የፍቅር ቃል ነበር የምሰጠው። ዛሬ ሌላ ወጣኝ። “አባቴስ ሞቷል፣ አይመለስ። አንቺን ከመረቁልኝ ደሙን ትቼዋለሁ” አሰኘሁት። አንዱ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። ልጁ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዞር ብሎ ፈገግ ሲል ደግሞ ሳቁ ጣራውን ነካ። ያው ፈገግታ ነው፣ ባለፈው ቅዳሜ ያስለቀሳቸው።

ከጨው ነጋዴዎቹ አንዱ ጮክ ብሎ፣ “ይኸስ ወንድ አይደለም” አለ። እኔ አላልኩም። እሱ ነው ያለው።

ሰው ሲወጣ አያ የሻው ከማኪናቸው ክፍል ወረዱ።

“ጽሑፉ እንዲህ አይልም እኮ፣ ደብተራ።”

“አንድም ነው፣ አያ የሻው። ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ምን እንዳለ ማን ሰማው?”

“አንድምታስ ለመጽሐፍ ነው” ብለው ፊልሙን መጠቅለል ያዙ። ከእሳቸው ጋር ምን አከራከረኝ? ማኪና አዙሪ ናቸው።

ጥቅምት ፲፰

ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ገበያ ወርዷል። ቅቤ ተራ ሳልፍ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ “የአዲ አርቃዩ ረዳት እኮ ነው፣ ሲኒማው ላይ ያለው” ስትል ሰማሁ። ወጣቶቹ ዋኘውን ጭነት ሲያወርድ፣ “ተመረቀልህ ወይ?” ይሉታል አሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያወርዳል አሉ።

ወደ ቀሃ ወንዝ ስወርድ ወለላ እንስራዋን አዝላ ስትመጣ ተገናኘን። ቆመች።

“የኔታ፣ ባለፈው ታርቀው ነበር እኮ። ምነው ለወጡት?”

“ፊልም ነው ልጄ። ጨዋታ ነው።”

“ሰው ግን እየሳቀበት ነው።”

“በማን?”

እንስራው ከብዷት ወገቧን አጎንብሳ፣ ዓይኔን እያየች፣ “እባክዎን የኔታ፣ እስከ ሚካኤል ብቻ እንደ ድሮው ይንገሩት። ከዚያ በኋላ እንዳሻዎ” አለች።

እሺ አልኳት። ሰሞኑን ለሁሉም እሺ ነው የምለው።

የለመነችው ለወንድሟ ነው ወይስ ለዚያኛው? ቤቴ ገብቼ ይህንን ብቻ ሳመነዥግ ዋልኩ።

ጥቅምት ፳፫፣ ቅዳሜ

ለወለላ የገባሁትን ቃል ልጠብቅ ነበር። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ልጠብቅ ነበር።

ዳኛው መጣ። ከነጋዴ ጓደኞቹ ጋር ከኋላ ተቀመጠ። በአጠገባቸው ሳልፍ፣ “እንደምን ዋልክ ደብተራ፣ አፍህ ደህና ነው?” አለኝ። ጓደኞቹ መሬት መሬት አዩ። ተነጋግረውብኝ ነበር ማለት ነው።

ወደ አያ የሻው ወጥቼ፣ “የመጨረሻውን ጥቅልል ዛሬ ይተዉት። ማኪናው ግሏል” አልኳቸው።

“አልጋለም።”

“አቶ ቢያዝን ናቸው ያዘዙት” አልኳቸው። ቃሉ ሳላስበው ነው የወጣው። እሳቸው አዩኝና ጥቅልሉ ያለበትን ቆርቆሮ ወደ ጥግ ገፉት።

ስለዚህ ፊልሙ ሽጉጡ እንደተደገነ ቀረ። ልጁ አነጣጥሯል፣ የልጅቱ ወንድም ባዶ እጁን ቆሟል፣ ከዚያ ነጭ ሸራ። ምን ላድርግ፣ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። “እንግዲህ የወንድ ልጅ ነገር እዚህ ላይ ይለያል” አልኩ። አዳራሹ ተነሳ። “በለው” አለ አንዱ። “በለው፣ በለው” አለ ሁሉም፣ ዱላ በወለሉ እየተመታ።

ዳኛው በመሐላቸው ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በሕይወቴ እንደዛሬ ጥሩ ተርኬ አላውቅም።

ዋኘውም ነበር ለካ። ከሁሉም ቀድሞ ወጥቶ ሲሄድ ጀርባውን አየሁት።

ጥቅምት ፳፭

አለቃ ከቅዳሴ በኋላ ያዙኝ። “ሌሊት የምታመሰግንበትን አፍ ቀን ለምን ታውለዋለህ ይሉኛል፣ እኔ አላየሁት፣ ምን እንደሆነ ንገረኝ” አሉ።

“ስለ እርቅ የሚናገር ፊልም ነው አባቴ” አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ፊልሙማ ስለ እርቅ ነው።

መረቁኝ።

ጥቅምት ፴፣ ቅዳሜ

የዋኘው እናት ወይዘሮ አበቡ ለእርቁ ከአዲ አርቃይ መጥተው ዘመድ ቤት ሰንብተዋል። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ጥቁራቸውን አልለወጡም። እርቁን የተቀበሉት ልጃቸው ለምኗቸው፣ ካህናት እግራቸው ላይ ወድቀው ነው ይባላል።

ሲኒማ እንዲያዩ የጠራኋቸው እኔ አይደለሁም። ያረፉበት ቤት ሰዎች እንግዳቸውን ይዘው ቢመጡ በነጻ ይገባሉ አልኩ እንጂ።

ከፊት አስቀመጧቸው። ሥዕል ሲንቀሳቀስ አይተው አያውቁም፤ ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው ዝም ብለው አዩ። አባትየው በጥይት ተመቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወደቀ። እዚያ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ሰውየው ሊሞት ሲል ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እስከ ዛሬ “ውኃ፣ ውኃ” ነበር የማሰኘው። ዛሬ በአገራቸው የልቅሶ ዜማ አወጣሁት።

አፈሩ ሳይጠጣው የደረቴን ደም፣
ልጄ ሙሽራ ሆኖ ሊኳል ሊሸለም።

ወይዘሮ አበቡ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ጥለው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ “ሻለቃዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣ እዚህ ነህ ወይ?” አሉ። ሸራው ጋ ሄደው እጃቸውን ጫኑበት። የሟቹ ፊት በእጃቸው ላይ ሆነ። ማንም አልሳቀም። ገበያተኞቹ ተነስተው አብረዋቸው አለቀሱ፣ አያ የሻው ማኪናውን አቆሙት።

ይዘዋቸው ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። እጄን ያዙና ሳሙት። “የሱን ድምፅ ሰጠኸኝ” አሉኝ።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መቼም ግጥሙ ያማረ ነበር።

ኅዳር ፫

ማታ በሩ ተንኳኳ። ዋኘው ነው። ተቀመጥ አልኩት፣ አልተቀመጠም።

“እናቴ እህል አልቀመሰችም። ‘ከገዳዩ ልጅ ጋር ብትሞሸር ያጠባሁህን ጡት እረግማለሁ’ ብላኛለች። የአባቴን ድምፅ ሰምቻለሁ ትላለች።”

መደቡን በእጄ ጠረግኩለት።

“ባለፈው ሳይ መጨረሻው ላይ ታርቀው ነበር። አሁን ግን የለም። ሰዎቹ እሱ አስቀድሞ የነበረው ውሸት ነው፣ ደብተራው ለአለቃ ብሎ የጨመረው ነው ይላሉ። አንተ ታውቀዋለህ። እውነቱን ንገረኝ አያ ባዬ። ያ ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ?”

ቆርቆሮው አያ የሻው ጥግ እንዳስቀመጡት አለ። ተነስ ልለው እችል ነበር፣ ሄደን እንየው ልለው እችል ነበር። ከመንገዱ ማዶ የወለላ ኩራዝ ይታያል፤ እሱ ዓይኑን እዚያ ላይ ጥሎ ነው የሚያናግረኝ። እሷም በሯን ገርበብ አድርጋ ቆማለች። ስሄድ ስመጣ ለእኔ ያ በር ገርበብ ብሎ አያውቅም።

“ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል” አልኩት።

“ሽጉጡን እንደያዘ?”

“እንደያዘ።”

ደህና እደር ብሎኝ ሄደ። ጨዋ ልጅ ነው።

ኅዳር ፲፩

ለማኅሌት ልሄድ ነው። ነገ ይታረቃሉ። አዲስ ቀሚስ ለብሻለሁ። ይታረቁ እንግዲህ፣ እኔ ምን አገባኝ። አለቃ አሉ፣ ካህናት አሉ፣ መስቀል አለ። እዚያ መሐል ማን ምን ያደርጋል?

ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል

ዳኛው ሞተ።



ኅዳር ፲፫

ከቅዳሴ በኋላ በቅጥሩ ዛፍ ሥር ነው። ካህናቱ መስቀል ይዘው በሁለቱ ቤት መሐል ቆሙ። እኔ መቋሚያዬን ይዤ ከመዘምራኑ ፊት ነበርኩ። ዳኛው ጫማውን አውልቆ፣ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ እያጎነበሰ መጣ። ድንጋዩ ከባድ ነበር፤ ራሱ ነው የመረጠው አሉ፣ ቀላል ድንጋይ ስድብ እንዳይሆን ብሎ። ዋኘው እግር ሥር ደርሶ፣ “ስለ እግዚአብሔር ማረኝ” አለ።

ሥርዓቱ ዋኘው ድንጋዩን አንስቶለት እንዲያቅፈው ነው።

ወይዘሮ አበቡ ጥቁራቸውን ለብሰው ከኋላው ቆመዋል። ምንም አላሉም። ከሕዝቡ መሐል ግን አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አላወቅሁም፣ በዝግታ “በለው” አለ። እንደ ሲኒማው።

ዋኘው ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ከኮቱ ሥር ሽጉጥ አወጣ። ዳኛው ቀና አላለም፤ ድንጋዩን እንደተሸከመ ነው የተመታው። ወለላ ከሴቶቹ በኩል እጇን ዘርግታ እየሮጠች መጣች። ዘገየች። ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው የቀራት።

ዋኘው ከመሮጡ በፊት ዞሮ እኔን አየኝ። እኔን ለምን እንዳየ አላውቅም። ሚዜው ስለሆንኩ ይሆናል።

አልጣፈጠኝም እንጂ የእርቁን ዜማ ጀምሬ ነበር።

ኅዳር ፲፯

አለቃ ሐብተ ማርያም በአምስት ቀን አርጅተዋል። ከትናንት ወዲያ ከእቃ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ። እንድቀመጥ አላሉኝም።

“ልጆቼ ሁሉ ፊልም ፊልም ይሉኛል። ያ ፊልም ምን ይላል፣ ባዬ?”

“ድምፅ የለውም አባቴ” አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አላባረሩኝም። ከዚያ ወዲህ ግን መስቀላቸውን ሲያሳልሙ እኔ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ጠመንጃ ያነሳ ቢሆን፣ ጎራዴ የያዘ ቢሆን፣ እሺ ጥፋቱ የእሱ ነው ይባላል። ቃል ሰው ይገድላል ወይ? ጥይት ነው የገደለው። የተኮሰው ዋኘው ነው።

ታኅሣሥ ፲

ዋኘውን ቆላ ወርዶ ሳለ ፖሊሶች ገደሉት። በጭነት ማኪና አመጡት፤ ያውም በራሱ ማኪና፣ ሲያወርድ ሲጭንበት በነበረው። ወለላ ስትሰማ ደጃፏ ላይ ነበረች አሉ። ለወንድሟ ገዳይ ማልቀስ ነውር ነው፤ አላለቀሰችም። ገብታ በሩን ዘጋች።

ወይዘሮ አበቡ አንድ ልጃቸው ነበር። ወደ አገራቸውም አልተመለሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ እየመጡ ይቆማሉ። “የባሌን ድምፅ ልስማ” ይላሉ። አቶ ቢያዝን በነጻ ያስገቧቸዋል። እኔም ያንኑ ግጥም እላለሁ፣ እሳቸውም ያንኑ ያለቅሳሉ። ሰው ደግሞ እሳቸውን ለማየት ይመጣል። አዳራሹ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም።

አያ የሻው ሰላምታ ትተውኛል።

ታኅሣሥ ፳፪

የዳኛው አርባ ወጣ። ፍትሐቱን እኔ መራሁ፣ ያለ ክፍያ። ሰው ሁሉ፣ “የጎረቤት ወጉ ይኸ ነው” ብሎ አመሰገነኝ። ወይዘሮ እንኳየሁ ወደ ጓዳ ጠርተውኝ አለቀሱ፤ “ወንድ የሌለበት ቤት ምን ቤት ነው ደብተራ? እህሉን ሰው እየዘረፈው ነው። ልጅቱንስ ማን ያያታል?” አሉ።

“እኔ አለሁ” አልኳቸው። ከልቤ ነው።

ወለላ በሰው መሐል ስታልፍ አየችኝ። የኔታ አላለችኝም።

ጥር ፲፬

ጥምቀት አለፈ። ሽማግሌ ላክሁ። እነዚያኑ ሰዎች ነው የላክኋቸው፣ በጋቢው የሳቀውንም ጨምሬ። በእሺታ ተመለሱ። ሐዘን ስላለ ያለ ድግስ ይሁን ተባለ። ይሁን።

ወይዘሮ እንኳየሁ እንዳሉት እሷን ማንም አላስገደዳትም። ስትጠየቅ ወዲያው፣ “እሺ፣ ለእሱ ይሁን” ብላለች። ለእሱ ይሁን። ቃሉን ስንት ጊዜ እንደደገምኩት።

ደጃፍ ላይ ብቻዋን አገኘኋት። ከኅዳር ወዲህ አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም፣ ዛሬ ቀና ብላ፣ “የክርስትና ስምህ ማን ነው?” አለችኝ።

አንተ አለችኝ። ባል እንደሚባል።

የክርስትና ስሜን በዚህ ከተማ የሚያውቅ የለም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም፤ ጠላት ስም ከያዘ በጸሎት ምን እንደሚያደርግበት ከደብተራ በላይ ማን ያውቃል? ለስንት ሰው፣ “ስምህን ለማንም አትንገር” ብዬ መክሬያለሁ። ግን ሚስት ናት። ሚስት ለባሏ የምትጸልየው በክርስትና ስሙ ነው። ነገርኳት። በከንፈሯ አንዴ ደገመችውና ገባች።

ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁ።

ጥር ፳፭

ወለላ ቤቴ ገባች። ታበስላለች፣ ትጠርጋለች፣ እግሬን ታጥባለች። አትናገርም። ሐዘኑ ነው፣ ይለቃታል። ጎረቤት፣ “ሙሽራዋ እንዴት ናት?” ሲለኝ፣ “ደስ ብሏታል” እላለሁ።

የካቲት ፰፣ ቅዳሜ

ድምፄ ከታፈነ ሰንብቷል። ጉንፋን ነው። ዳማ ከሴ ታጥኛለሁ፣ ነጭ ሽንኩርትም በልቻለሁ። ማኅሌት መቆም ትቻለሁ። ዛሬ ጾም ከመግባቱ በፊት የመጨረሻው ሲኒማ ስለሆነ ግን አቶ ቢያዝን የግድ አሉኝ።

ከሸራው ጎን ቆሜ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ሰው ጠበቀ። አንድ ሁለቱ ሳሉ። አባትየው ጉድጓዱ አፍ ላይ ወደቀ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ እኔ ጉሮሮዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ወይዘሮ አበቡ ከፊት ሆነው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ድምፅ የለም።

አያ የሻው አቁመው ሊያሰናብቱ ነው ብዬ ነበር። አላቆሙም። ሽጉጡ ሲደገን ማኪናው ጥቂት ቆመ፣ ቆርቆሮ ሲከፈት ሰማሁ፣ ከዚያ የመጨረሻው ጥቅልል ሸራው ላይ ወጣ።

ማንም አልተረጎመላቸውም። ልጅቱ እጇን ዘርግታ በመሐል ቆመች። ልጁ አያት፣ ሽጉጡን ጣለ። ወንድሟ እጁን ዘረጋ። አዳራሹ ሁሉ ገባው፣ አንድ ቃል ሳልናገር። በአንድ ፈረስ ሆነው እየራቁ ሲሄዱ፣ ከፊት ወንበር ወይዘሮ አበቡ፣ “አልገደለም ለካ” አሉ። ለማንም አይደለም ያሉት። ሰዎች ዞረው እኔን ያዩ ጀመር፣ በኋላ በር ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ወለላ ወደ ግድግዳው ዞራ ቆማ እየጸለየች ነበር። በየማታው እንዲሁ ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣውም። ንባብ ሳስተምራት ከንፈሯን አይቼ የቱ ላይ እንደደረሰች አውቅ ነበር፤ ዛሬም ኩራዙን ጠጋ አድርጌ አየሁ። ለጠላት የሚደገመውን ዳዊት ነው።

አንድም ለወንድሟ ገዳይ ነው፣ ብዬ ነበር እስከ ዛሬ። ዋኘው ግን ሞቷል። በየመሐሉም ቆም እያለች የምታነሳው አንድ ስም አለ። እሱን ስም በዚህ ከተማ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

መቼም ሴት ልጅ የምትጸልየው ለባሏ ነው።